አረፋ እምቢ ያለ ሳሙና

እኔ ሰው አላምንም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሲፈጥረኝ እንዲህ ስለሆንኩ ነው። ገበያ ወጥቼ ቅቤ ስገዛ ከላይ ያለውን ቀምሼ አልረካም፤ ጣቴን እስከ ታች ሰድጄ ባዕድ ነገር መኖር አለመኖሩን ሳላረጋግጥ ዋጋ አልጠይቅም። ባሌ "አንቺ ፖሊስ ብትሆኚ ኖሮ ሮቤ ላይ ሌባ አይኖርም ነበር" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም ምስጋና እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ያ ቀልድ አያስቀኝም፤ ምክንያቱም በዚሁ ተጠራጣሪነቴ ሕዝብ ፊት ቆሜ አንድ ንጹሕ ሽማግሌ አሳስሬአለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ነው። በደርግ ጊዜ ነው፤ የሶማሊያው ጦርነት ጋብ ብሎ የዘመቱት መመለስ ከጀመሩ በኋላ። ያኔ እኛ ሰፈር ውሃ ማለት ሻያ ወንዝ ማለት ነበር። በአህያ ይመጣል፣ በሰው ጀርባ ይመጣል፣ ክረምት ሲሆን ደፍርሶ ይመጣል። ከዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሞተር ተተከለ፣ ቀበሌው በር ላይም ቦኖ ቆመልን፤ አራት ቧንቧ ያለው፣ ሲሚንቶው ገና በወጉ ያልደረቀ። የምረቃው ዕለት ከጎባ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ ቀዩን ሪባን ቆረጠ። የሴቶች ማኅበሩ የቅስቀሳ ኃላፊ እኔ ነበርኩና ንግግሩን ያደረግሁትም እኔ ነኝ። "ጀርባችን ከእንስራ ነፃ ወጣ!" አልኩ። ሴቱ እልል አለ። ማንም ጽፎ አልሰጠኝም፤ ሦስቱንም ልጆቼን በየተራ አርግዤ ሻያ የወረድኩ ሴት ነኝ፣ ከልቤ ነበር የተናገርኩት።

ውሃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው። ጠጣነው፣ ተደሰትን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቤቴ ውስጥ ነገር ዓለሙ ተበላሸ። አተር ክክ ከጠዋት ጥጄ እስከ ቀትር አልበስል አለኝ፤ አንድ ሸክም እንጨት ጨርሼ ክኩ አሁንም ጥርስ ላይ ይንኳኳል። ሻይ ሳፈላ ላዩ ላይ ቀጭን ቆዳ ይይዛል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎ በቢላ ስፍቀው እየተቀረፈ ይወርዳል። ጸጉሬን ታጥቤ ላበጥር ስል ማበጠሪያው አይሄድም።

ከሁሉ የባሰው ልብሱ ነው። ሳሙናውን አሻለሁ፣ አሻለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል አሻለሁ፤ አረፋ የሚባል የለም! በአረፋ ፈንታ የተቆራረጠ እርጎ የመሰለ ነገር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የባሌ ነጭ ሸሚዝ አመድ መሰለ፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ቁርበት ድርቅ ብሎ ይቆማል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ "ሚስትህ ታማለች እንዴ?" ብለው ጠየቁት። እኔን! በልብስ ንጽሕና ሰፈሩ የሚያውቀኝን ሴት! አንጀቴ ቅጥል አለ።

ሰፈሩ በሹክሹክታ ተሞላ። አንዷ "ውሃው ውስጥ ሴት እንዳትወልድ መድኃኒት ጨምረውበታል" ትላለች። ሌላዋ ጉድጓዱ የተቆፈረው የድሮ መቃብር ላይ ነው ትላለች። አንዲት ጎረቤቴ ጭራሽ ጠበል በጠርሙስ ይዛ መጥታ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ቧንቧዎቹን ስትረጭ ያዝኳት። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ አንዱንም አላመንኩም። ውሃውን የመረቅሁት እኔ ነኛ! ውሃው ተሰደበ ማለት እኔ ተሰደብኩ ማለት ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬዬን ወደ ሳሙናው አዞርኩት።

ሳሙና ያኔ የሚገኘው በኩፖን፣ ከቀበሌው ሱቅ ብቻ ነው። ረጅሙ ድፍን ሳሙና በመኪና ይመጣና በሽቦ እየተቆረጠ ለየቤተሰቡ ይታደላል። የሚያድሉት ሐጂ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ብቻ ነው የሚላቸው። ከአብዮቱ በፊት የራሳቸው ሱቅ ነበራቸው። ሱቁ ከእጃቸው ወጣና፣ ሥራውን ስለሚያውቁት ቀበሌው መልሶ ሻጭ አድርጎ ቀጠራቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው ሲገባ "አካም ቡልተኒ" ብለው እንዴት እንዳደረ ሳይጠይቁ ሚዛን የማይነኩ ሰው ናቸው። እኔ ግን በሆዴ "ሱቁን የተነጠቀ ሰው እንዴት ልቡ ንጹሕ ይሆናል?" እላለሁ። በየስብሰባው የምንማረው ይህንኑ አልነበር? የቀድሞ ነጋዴ ሁሉ አሻጥረኛ ነው ተብለን ነበር።

አንድ ጠዋት ሱቁ ሄጄ ቁራጬን ስቀበል አሸተትኩት። በጥፍሬ ፋቅሁት። ጫፉንም በምላሴ ነካሁት። ሐጂ አዩኝና ፈገግ አሉ።

"ልጄ፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?" አሉኝ።

ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። እኔ ግን ያንን ፈገግታ ይዤው ሄድኩ። ለምን ሳቁ? ንጹሕ ሰው ሲመረመር ይቆጣል እንጂ ይስቃል እንዴ? ቢቆጡ ኖሮ ደግሞ "ለምን ተቆጡ?" ማለቴ አይቀርም ነበር፤ ይህን የማውቀው ግን አሁን ነው።

እንዲሁ በጥርጣሬ ሰው አልከስም፤ ማስረጃ እፈልጋለሁ። እናቴ የተወችልኝ አንድ ቁና የሚሆን የደረቀ እንዶድ ነበረኝ። ሳሙና ባልነበረበት ዘመን አገር ሁሉ ነጠላውን የሚያጥበው በእንዶድ ፍሬ ነበር። ጓሮ ሁለት ሳፋ አወጣሁና ሁለቱንም የቦኖ ውሃ ሞላኋቸው። በአንዱ ሳሙናውን አሸሁ፤ ምንም። በሌላው የተወቀጠ እንዶድ ጨምሬ በእጄ ሳማታው አረፋው ተነስቶ ሳፋውን ሞልቶ እጅጌዬ ላይ ወጣ። ብቻዬን ቆሜ "ያዝኩት!" ብዬ ጮህኩ። ውሃው ያው አንድ ውሃ ነው። እንዶዱ አረፋ ካወጣበት ጥፋቱ የሳሙናው ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ? ሐጂ ሳሙናውን አቅልጠው፣ ነጭ አፈር ደባልቀውበት፣ የተረፈውን ወደ ብድሬ ገበያ ልከው ያሸጣሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሲያቀልጡ ማን አየ? ማንም። እኔ ግን አንዴ ከጠረጠርኩ የጎደለውን ራሴ እሞላዋለሁ።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። መቅረት አይቻልም፤ ስም ይጠራል። ሁለቱን ሳፋዎች አዳራሽ አስገብቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እጅጌዬን ሰብስቤ ያንኑ ሥራ ሕዝብ ፊት ደገምኩት። እንዶዱ ገነፈለ፤ ሳሙናው ዝም አለ። አዳራሹ "ጉድ!" አለ። "እንግዲህ" አልኩ፣ "ሳሙናችንን ማን እንደሚያበላሸው እናንተው ፍረዱ።"

ሐጂ ከመጨረሻው ረድፍ ብድግ አሉ።

"ልጄ" አሉኝ ረጋ ብለው፣ "እኔ ሳሙናውን ከመኪና አውርጄ ቆርጬ ነው የምሰጠው። ወላሂ ሌላ የማውቀው የለም። ግን ቢሻኑ ይሆን እንዴ? ውሃው? ለሶላት ውዱእ ሳደርግ እኔንም ቆዳዬን ያደርቀኛል።"

"ውሃው!" አልኩ ሳቄን ለቅቄ። "ታዲያ እንዶዱ በምን ውሃ ነው አረፋ ያወጣው ሐጂ? በዘምዘም ነው?"

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። የቀበሌው ሊቀመንበርም አጨበጨቡ። ከዚያ ሳቃቸውን ድንገት አቁመው ጸሐፊውን "ጻፍ" አሉት፤ "ሳሙና በማበላሸት ሲጠየቅ፣ ሰፊው ሕዝብ በትግሉ ያገኘውን ውሃ አጥላላ።" አንዱ ክስ ሁለት ሆነ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሐጂን ክንዳቸውን ይዘው ሲያወጧቸው አንድ ጫማቸው ወልቆ ቀረ፤ ሰው ነው ተከትሎ የሰጣቸው። የቀረው ሳሙና በኤግዚቢትነት ተይዞ መጋዘን ተቆለፈበት። እኔ ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እያንጎራጎርኩ ነው። ምላሴን በቆረጠው!

ሐጂ በታሰሩ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተሩ ናፍጣ አጥቶ ቦኖው ደረቀ። የሚታጠብ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከምሮብኝ ስለነበር እንደ ድሮዬ ሻያ ወረድኩ። እንዶዱ ጋቢው ላይ አለቀ። ብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ ልጅ አስመልሶበታል፤ እንዲሁ ይዤው ልመለስ አልችልም። ኮሮጆዬ ሥር ያቺ የተረገመች ቁራጭ ሳሙና ነበረች። ምንም ባትረባም ብዬ አሸሁባት።

አረፋ ወጣ። እንዲያው ዝም ብሎ አረፋ አይደለም፤ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እስከ ክርኔ የደረሰ። "በስመ አብ!" ብዬ እጄን መነጨቅሁ። አለቅልቄ እንደገና አሸሁ፤ ወጣ። ሦስተኛ አሸሁ፤ ወጣ። ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ።

መጀመሪያ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? "ይህቺ ሌላ ሳሙና ናት፤ ማን ለወጠብኝ?" አልኩ። አያችሁልኝ! እውነቱ ዓይኔ ሥር እየገነፈለ እንኳ ሌላ የምጠረጥረው ሰው እፈልግ ነበር። ከወንዙ አንድ ጀሪካን ሞልቼ ቤት ተመለስኩ፤ በርሜል ውስጥ የተረፈ የቦኖ ውሃ ነበረኝ። ያንኑ አንድ ቁራጭ በሁለቱም ውሃ አሸሁት። በሻያ ውሃ አረፋው ገነፈለ፤ በቦኖው ውሃ ያው የተቆራረጠ እርጎ ሆነ። እንዶድ ለውሃ ዓይነት ግድ የለውም፤ ሳሙና ግን ግድ አለው። ከመሬት ሆድ የሚወጣ ውሃ ኖራ መሳይ ነገር አሟሙቶ እንደሚመጣና ሳሙናን እንደሚያረጋው፣ አጋርፋ የተማረ አንድ የእርሻ ባለሙያ ያስረዳኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ዕለት የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሐጂ እውነታቸውን ነበር፣ ያሳሰርኳቸውም እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አፍሬ ነበር፤ ከሐፍረቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ በለጠብኝ። የሐጂ ባለቤት ስንቅ ይዘው በደጄ ሲያልፉ መጋረጃ ጀርባ እደበቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለባሌ ስነግረው ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"አፍሽን ሰብስቢ" አለኝ። "ሰውዬው 'ውሃው ይሆን እንዴ' ብለው ስለጠየቁ ነው ሁለተኛ ክስ የተጨመረባቸው። አንቺ ደግሞ 'ውሃው ነው' ብትዪ ምን ሊመጣብሽ ነው? እነዚህን ልጆች አታስቢም?"

አስቤአለሁ። ግን በነጋታው አልቻልኩም፤ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። ሳይቆጡ ሰሙኝ፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።

"ጓዲት፣ የቦኖውን ሪባን ማን እንደቆረጠ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

"ንግግሩን ማን እንዳደረገስ?"

"እኔ ነኝ።"

"ባለፈው ሳሙናው ነው አልሽ። ዛሬ ውሃው ነው ትያለሽ። ነገ ደግሞ ሪባኑ ነው ልትይ ነው። ሂጂና አስቢበት።"

ስወጣ ግቢያቸው ውስጥ ጀሪካን የተጫነ አህያ ቆሟል፤ እግሩ የሻያ ጭቃ ነው። ሚስታቸው ገመድ ላይ ያሰጣችው አንሶላ ዓይን ይወጋል፣ ነጭ ነው። እንዴ! ቦኖው ሌት ተቀን በሚፈስበት ጊዜም ያ አህያ ወደዚህ ቤት ሲመላለስ አይቼው የለም እንዴ? አገሩን ሁሉ ስጠረጥር ያንን አህያ አልጠረጠርኩትም። ውሃው ሳሙና እንደሚያረጋ ሊቀመንበሩ ያውቃሉ፤ ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር። ግን ይህን ለማን አቤት ይሉታል?

ስለዚህ ውሃውን ሳልነካ ሳሙናውን ነፃ ማውጣት ነበረብኝ። የሠራተኞች ቀን በዓል ተቃርቦ ነበር። በቀጣዩ ስብሰባ እጄን አውጥቼ፣ "የበዓሉን ባንዲራና መፈክር፣ የጥበቃ ጓዶችን ካኪ፣ የጓድ ሊቀመንበርንም ልብስ እኛ የማኅበሩ ሴቶች እናጥባለን" አልኩ። ተጨበጨበ። "ሳሙና ግን የለንም። ያ የተቆለፈበት ይሰጠን፤ የማይረባም ቢሆን ከባዶ እጅ ይሻላል። ጨርቁ ብዙ ስለሆነም ወንዝ እንወርዳለን።" ሊቀመንበሩ ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ። ገብቷቸዋል። ታዲያ ባንዲራ ልጠብ ያለን ሴት ሕዝብ ፊት እንዴት ብለው እምቢ ይበሉ?

ሻያ ዳር ተደርድረን ማሸት ስንጀምር አረፋው ወንዙን አልብሶ ወደ ታች ወረደ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። አንዷ "ይሄ የሐጂ ሳሙና አይደለም እንዴ?" አለች። ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚያየው። ጎንበስ ብዬ የሊቀመንበሩን ሱሪ ማሸቴን ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ሥራችንን ሊጎበኙ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አረፋውን ብዙ ጊዜ ቆመው አዩት።

"ሳሙናው ተሻሽሏል" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ። "በጣም ተሻሽሏል።"

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ላይ፣ በተደረገው ጥብቅ ክትትል ሳሙናው ስለተሻሻለ ተጠርጣሪው በማስጠንቀቂያ ይለቀቁ ተብሎ ተጻፈ። በክትትል የተሻሻለ ሳሙና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ያኔ ግን "ተመስገን" ብቻ ነው ያልኩት።

ሐጂ በተፈቱ በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ምንጣፍ ተዘርግቶላቸው ተቀምጠዋል። ሁለቱም እግሮቻቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ውስጥ እግራቸውን ነው የገረፏቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ መጥቼ እንዳላሳምማቸው ፈራሁና መሬቱ ላይ ተደፋሁ።

"ተነሺ ልጄ" አሉኝ። "አፉ ብዬሻለሁ፣ ለአላህ ብዬ። ያየሽውን ነው የተናገርሽው። እንዶዱ አረፋ አውጥቷል፤ ሐሰት አይደለም።"

"ስቄብዎታለሁ" አልኩ እያለቀስኩ። "ሰው ፊት በዘምዘም ቀልጄብዎታለሁ።"

የእግራቸውን ጨርቅ ጠበቅ አደረጉ። "እሱንም" አሉ። "እሱንም አፉ ብያለሁ።"

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከዚያ ቀለለኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ደረቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለለኝ።

ባለቤታቸው ይህ ሁሉ ሲሆን በራፉ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ስነሳ ሻሻቸውን አስተካክለው እስከ ውጪው በር ሸኙኝ። እዚያ ስንደርስ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ይገባኛልም።

"ያን ዕለት እዚያ ላይ ቆመሽ" አሉኝ በዝግታ፣ "እኔን አየሽኝ?"

"አዳራሹ ውስጥ ነበሩ እንዴ?"

"ስም ይጠራ የለም? ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ከሊቀመንበሩ ሚስት አጠገብ።" ወደ ግቢው ዞር ብለው ሐጂ እንደማይሰሙ ካረጋገጡ በኋላ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። "ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ያቺ ሴትዮ ዞር ብላ እጄን አየችው። ፈራሁ። እኔም አጨበጨብኩ።"

ክንዴን በያዘው እጃቸው ላይ እጄን ጫንኩ።

"እሱ ከኋላ ነበር፤ ጀርባዬን ብቻ ነው ያየው። አንቺ ግን ከፊት ቆመሻልና አይታኛለች፣ አንድ ቀን ትነግረዋለች እያልኩ እህል ውሃ አልወርድ ብሎኛል። አንቺን አፉ አለሽ። እኔ አፉ በለኝ እንዳልለው፣ ምን አድርገሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልመልስለት?"

"አልናገርም እትዬ" አልኩ። "ማርያምን አልናገርም።"

ክንዴን ለቀው በሩን ዘጉት። ሐጂ እስከሞቱበት ቀን ድረስ ብዙ ዓመት አንድ ሰፈር ኖርን። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ባለቤታቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ሰላም ከማለታቸው በፊት፣ ለሐጂ ነግሬባቸው እንደሆነ ፊቴን ይመረምሩ ነበር።